የመርጌታ ቤት ራውተር

የመርጌታ ተክለ ሚካኤል ጾመ ድጓ፣ በዐቢይ ጾም የሚዜምበት የብራና መጽሐፋቸው፣ የጠፋው ጥር አሥራ ሁለት ቀን ነው። መርጌታ ከልጃቸው ከማኅሌት ጋር ታቦት ሸኝተው፣ የሚካኤል ማኅበራቸውን ጠጥተው፣ የጽዋውንም ቅርጫት እንደ ደንቡ ለቀጣዩ ተረኛ አድርሰው ቤታቸው ሲገቡ ገና አልጨለመም ነበር። ዐቢይ ጾም እየቀረበ ስለሆነ መጽሐፉን አውጥተው ሊያናፍሱት አሰቡና የሣጥኑን ክዳን አነሡት። ብራናውም የለ፣ ማኅደሩም የለ። የቀረው መጽሐፉ ተጠቅልሎበት የነበረው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እሱም በሥርዓት ታጥፎ።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ዘወትር ከደጃፉ ድንጋይ ሥር መሆኑን ያልሰማ ተማሪም ጎረቤትም የለም። ሣጥኑም ቢሆን ቁልፍ ነበረው፤ አምና ማኅሌት ከግድግዳው ላይ ትንሽ ካሜራ ካሰቀለች ወዲህ ግን «አሁንማ ዓይን አለን» ተብሎ ተነቀለ። ያ የታመነበት ዓይን ታዲያ በዚያች ቀን ለሃያ ስድስት ደቂቃ ምንም አላየም።

ኢንስፔክተር ይማርሽ በበዓሉ ማግሥት ለሌላ ጉዳይ ሙጃ ሄዳ ነበር። ጥር አሥራ አራት ረፋዱ ላይ ስትመለስ ሳጅን አረጋ ፊቱ በርቶ ጣቢያው በር ላይ ጠበቃት።

«የመርጌታን ነገር ጨርሰነዋል።»

«ማነው?»

«ሂሻም። ኮምፒውተር ጠጋኙ። ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

ይማርሽ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ሂሻም የከተማውን ግማሽ ቤት ኢንተርኔት ያስገባ ሰው ነው። ባለቤቶቹ በሌሉበት ቁልፍ ተሰጥቶት ይገባል፤ ሠርቶ፣ ዘግቶ፣ ቁልፉን መልሶ ይሄዳል። እንጀራው ሰው ቤቱን አምኖ የሚተውለት መሆኑ ነው። ነገ በካቴና ፍርድ ቤት ደጃፍ ከታየ፣ ከነገ ወዲያ በነፃ ቢለቀቅ እንኳ ማን ደጁን ይከፍትለታል?

«ማስረጃህስ?»

«ራውተሩንም ካሜራውንም የገጠመው እሱ ነው። የማኅሌት ላፕቶፕ አንቲቫይረስ አለው፤ የዚያን ዕለት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የማይታወቅ መሣሪያ የቤቱ ኔትወርክ ውስጥ መግባቱን መዝግቧል። ካሜራው የጠፋው ከዚያ አራት ደቂቃ ቆይቶ ነው። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ከተማው ሁሉ ከታቦቱ ጋር ነው። እሱ ግን ብቻውን ሱቁ ነበር። ሱቁ ከመርጌታ ቤት ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ራሱም አምኗል።»

«መስረቁን?»

«ሱቁ መሆኑን።»

በረንዳው ላይ የሂሻም እናት እትዬ ረሒማ የምሳ ዕቃ ይዘው ተቀምጠዋል። ይማርሽን ሲያዩ ተነሡ።

«ልጄ፣ አልለምንሽም። ይህን ብቻ አስገቢልኝ። እሱ ሌባ ከሆነ ወላሂ እኔም ሌባ ነኝ፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

«አብሽሪ፣ እትዬ ረሒማ። እኔ ገና አሁን መግባቴ ነው።»

«አብሽሪ የሚለኝስ እሱው ነው። ታስሮ እሱ እኔን ያጽናናል።» ይማርሽ የምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

*

የመርጌታ ቤት እንደ ጥንቱ የላስታ ቤት ክብ ሆኖ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ከደጁ ላይ ራውተሩ እንደ ቅንድብ ተሰክቶ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል። መርጌታ ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ራሳቸው ግን ከባዶው ሣጥን አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጡ።

«የመምህሬ የመምህሩ እጅ ነበረበት» አሉ። «የዜማ ምልክቱን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ስሙን ለማላውቀው ገዢ ብራና ነው፤ ለእኔ ግን ድምፅ ነው። ግን ልጄ፣ ሂሻም አይደለም። ያ ልጅ እዚህ ቤት ያደገ ነው።»

ማኅሌት አልተናገረችም። አስተማሪ ናት፤ ያላረጋገጠችውን አትልም። ጠረጴዛው ላይ ቀንም ሌትም የማይጠፋው ላፕቶፕ በዚህ መሃል ጮኸና ቀይ ሳጥን አወጣ። እጇ ሳታየው ሄዶ ዘጋው።

«ምን ነበር ያለው?» አለች ይማርሽ።

«እኔ እንጃ። ሁልጊዜ እንደጮኸ ነው።»

«ሳታነቢው ዘጋሽው እኮ።»

«እንዴ፣ ስንቱን ላንብብ! ጥቅምት ላይ የአባቴ ማኅበር ተራ እኛ ጋ ደርሶ ሰዉ ሁሉ ዋይፋይ ሲጠይቀኝ ሰጠሁ። ይኼ ደግሞ ድግሱ መሃል ‹አሥራ አንድ የማይታወቁ መሣሪያዎች ገብተውብዎታል፣ አደጋ ላይ ነዎት› ብሎ ይጮሃል። አሥራ አንዱም የጽዋ ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው! እንግዶቼን ሌባ ካለብኝ ጀምሮ አላመንኩትም። የራውተሩን የይለፍ ቃል ቀይሪ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ መስከረም ላይ ቀይሬዋለሁ። መቀየሬን እንኳ አያውቅም።»

«ስንት ጊዜ ነገረሽ?»

ማኅሌት ዝርዝሩን ከፍታ ቆጠረች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ሠላሳ ስምንት ጊዜ» አለች።

ይማርሽ ላፕቶፑን አስፈርማ ወሰደች።

*

ችግሩ አንድ ነበር፤ የአንቲቫይረሱን ወሬ መተርጎም የሚችለው የከተማው ሰው ታስሯል። ይማርሽ በመንገዷ ሁሉ ይህን ስታሰላስል መጣች። ተጠርጣሪን ስለ ማስረጃው መጠየቅ ያስቃል፤ አለመጠየቅም ያስቃል። ስለዚህ ልትጠይቀውና የነገራትን ሁሉ በራሷ እጅ ልትፈትን ወሰነች።

ሂሻም ከእናቱ ምሳ ላይ ቀና አለ። ላፕቶፑን አላስነካችውም፤ እያነበበችለት እሱ ያስረዳት ጀመር።

«ኮምፒውተርዎ ዘገምተኛ ሆኗል፣ አሁኑኑ ያጽዱ።»

«እሱ ነጋዴ ነው፤ ይለፉት።»

«አድራሻዎ ለሁሉ ይታያል፤ ለመደበቅ ይግዙ።»

«እሱም ነጋዴ። ኢንስፔክተር፣ አንቲቫይረስ ሁለት አፍ አለው። ‹ግዙ› የሚለው ዕቃ ሻጭ ነው። ቀንና ሰዓት ጠርቶ ይህ ሆነ የሚልዎት ግን ምስክር ነው። ማኅሌት ሻጩ ስላሰለቻት ምስክሩንም አብራ አባረረችው።»

ይህ አነጋገር ይማርሽን ደስ አሰኛት፤ በእሷም ሥራ ብዙ የሚለፈልፍ ምስክር ሁሉ ውሸታም አይደለም። «የራውተርዎ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ደካማ ነው፤ ይቀይሩ። ይኼኛውስ?»

ሂሻም ጉርሻውን አስቀመጠ። «እሱ እውነት ነው።»

«ቀይሬዋለሁ ትላለች።»

«የቀየረችው የዋይፋዩን ነው። እሱ የግቢው በር ነው። ይኼ የጓዳው ነው። በጓዳው የገባ ሰው ካሜራውን ማገድ ይችላል፤ ኢንተርኔት የታገደ ካሜራ ደግሞ ምንም አይቀዳም። የጓዳው ቁልፍ ፋብሪካው እንደሰጠው ነው፤ ከራውተሩ ሆድ ሥር ተለጥፏል።»

«ለምን አልቀየርክላቸውም?»

«ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ስቀይርላቸው ይረሱታል፤ ሲረሱት ‹ሂሻም ቆለፈብን› ይላሉ። ስለዚህ መቀየሩን ተውኩት።»

«የስንት ቤት?»

«የሁሉንም። የእናንተንም።»

ይማርሽ ወጣች። የጣቢያውን ራውተር ከመደርደሪያ አውርዳ ገለበጠችው፤ ከሆዱ ሥር ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። የተጻፈውን በስልኳ ጻፈች። ወዲያው የጣቢያው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በዝርዝር ወጣላት፤ ከእያንዳንዱ ፊት «አግድ» የሚል አለ። የአረጋን ስልክ ፈልጋ ነካችው።

«ኔትወርክ ጠፋ እንዴ?» አለ አረጋ ከወዲያኛው ክፍል።

«ጠፋ» አለች ይማርሽ፣ መልሳ እየከፈተችለት። እንግዲህ ይህን ለማድረግ ሂሻም መሆን አያስፈልግም። ዋይፋዩን አንዴ የተቀበለና ማንበብ የሚችል ማንም ያደርገዋል።

ሰዓቱ ግን አሁንም ሂሻምን ይዞታል። ተመልሳ ተቀመጠችና መዝገቡን እንደገና አየች። 4:20 ይላል። ከአጠገቡ ደግሞ ሁለት ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ዓይኗ ወደ ላፕቶፑ ጥግ ሄደ፤ ሰዓቱ 1:05 ይላል። የእጇ ሰዓት ሰባት ከአምስት ነው።

«አረጋ!» ብላ ተጣራች። «ይኼ ዕቃ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እነዚህ ፊደሎች ከቀትር በኋላ ማለታቸው ነው። አራት ሰዓት ከሃያህ ጠዋት አይደለም፤ ማታ ሊሆን ሲል አሥር ሰዓት ከሃያ ነው!»

አረጋ ጎንበስ ብሎ አየ። ጆሮው ቀላ። «ከታቦቱ ጋር ገጥሞልኝ…» አለና ተወው።

ይማርሽ ወደ ሂሻም ዞረች። «ጥር አሥራ ሁለት፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

ሂሻም አፍጥጦ አያትና ሳቀ። «እዚሁ ነዋ! ፕሪንተራችሁን ስጠግን። እርስዎ ከራሴ በላይ ቆመው ‹የበዓሉ ሪፖርት ዛሬ ካልወጣ› እያሉ ሲያስጨንቁኝ!»

እውነቱን ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከአጠገቧ አልተነቃነቀም። የፕሪንተሩ የመሞከሪያ ወረቀት እንኳ ሰዓቱ ታትሞበት መሳቢያዋ ውስጥ አለ። የሰውየው ምስክር እሷ ሆና ሳለ ሁለት ቀን ታስሮ ከረመ። እንዲህ ያለ እፍረት ተሰምቷት አያውቅም።

«ለምን አልተናገርክም?»

«የተጠየቅሁት ስለ ጠዋቱ ነዋ።»

በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። «ነፃ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሂሻም አልተነሣም። «አሁን ብወጣ ‹ፖሊሷ ታውቀዋለች፣ ፈታችው› ነው የሚባለው። መጽሐፉ ይገኝና ልውጣ። እዚያ በረንዳ ላይ ከእናቴ ጋር እቀመጣለሁ።»

*

የቀረው ቀኑ ነበር። ይማርሽ «የማይታወቅ መሣሪያ ገብቷል» የሚሉትን ብቻ ለይታ ጻፈች። ኦክቶበር 22፣ አሥራ አንድ ስልኮች፤ ይህ የማኅሌት ድግስ ነው። ከዚያ ኖቬምበር 21፣ አንድ። ዲሴምበር 21፣ አንድ። ጃንዋሪ 20፣ አንድ። ሁሉም ከአሥር ሰዓት ወዲህና ወዲያ ናቸው። ሂሻም እንደነገራት አንዳንድ ስልክ በገባ ቁጥር ስሙን ይለዋውጣል፤ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእነዚህ ቀኖች ምን አለ?

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የፈረንጁን ቀን ከታች በደቃቁ ያሳያል። አንድ በአንድ ጣቷን አሳረፈች። ጥቅምት አሥራ ሁለት። ኅዳር አሥራ ሁለት። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት። ጥር አሥራ ሁለት።

ከጥቅምቱ ድግስ ወዲህ በየወሩ በሚካኤል ቀን፣ መርጌታና ማኅሌት ማኅበር ሲሄዱ፣ አንድ ሰው ባዶ ቤታቸው ይገባ ነበር። ቤቱ ባዶ መሆኑን ደግሞ ከማኅበርተኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

የጥር ተረኛ ወይዘሮ ውባንቺ ነበሩ። ይማርሽ ስትደርስ ድግሱ ያጨናነቀውን ቤት ገና እያስተካከሉ ነው።

«ማኅበሩ ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ እትዬ ውባንቺ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ደረሰ።»

«የቀረ ሰው ነበር?»

«በሚካኤል ማን ይቀራል? የዘገየ አለ እንጂ። የዘገየ ደግሞ ቅጣቱን አንድ እስር ጧፍ ይዞ ይገባል፤ ደንብ ነው።»

«ማን ነበር የተቀጣው?»

ወይዘሮ ውባንቺ ሳቁ። «በእውቀቱ ነዋ፣ አስጎብኚው! የመርጌታ ተማሪ የነበረው። ኅዳርም እሱ፣ ታኅሣሥም እሱ፣ ዘንድሮ ጧፍ አልቸገረንም። ‹እንግዳ ሳስጎበኝ ነው› ይላል። ደግሞ ጨዋነቱ! ሱቅ ሂድ ሳንለው ጧፉን ቀድሞ ገዝቶ ነው የሚመጣ።»

ይማርሽ ከማስታወሻዋ ቀና አለች። የዘገየ ሰው ሮጦ ይመጣል እንጂ መንገድ ላይ ቆሞ ቅጣቱን አይሸምትም። ይህ ሰው መዘግየቱን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«ጧፉን በምን ይዞ መጣ?»

«በትከሻ ቦርሳ። ‹እርስዎ አይልፉ› ብሎ ራሱ ገብቶ ከጽዋው ቅርጫት ውስጥ ከተተው። ጽዋው፣ ሥዕሉ፣ ጧፉ የሚቀመጥበት ነው። ማኅበሩ ሲያበቃ በዝማሬ ለየካቲት ተረኛ አደረስነው፤ እዚያ ተሸፍኖ ይቀመጣል። እስከ የካቲት አሥራ ሁለት ማንም አይከፍተውም።»

«የየካቲት ተረኛ ማነው?»

«እሱው በእውቀቱ።»

«ቅርጫቱንስ ማን ተሸከመው?»

«መርጌታ ናቸዋ! ‹ዘንድሮ ጽዋው ከበደኝ፣ አረጀሁ መሰለኝ› እያሉ ሲያስቁን ነበር።»

ይማርሽ ግን አልሳቀችም።

*

በእውቀቱ መርጌታን በሩ ላይ ሲያይ ዘሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከኋላቸው ይማርሽና አረጋ መቆማቸውን ያየው ቀና ሲል ነው።

«ይግቡ የኔታ። ምነው፣ በደኅና?»

ቅርጫቱ ከቤቱ ምሥራቅ በኩል፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ይማርሽ አልነካችውም፤ እንዲህ ያለ ነገር የፖሊስ እጅ አይፈትሸውም። ወደ መርጌታ ብቻ አየች።

«የኔታ፣ የማኅበር ቅርጫት እኮ ነው» አለ በእውቀቱ ቶሎ ብሎ። «የካቲት ሳይደርስ አይከፈትም።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ መርጌታ። ቅርጫቱን አቅፈው አወረዱት፤ ክብደቱን ሲያውቁት ዓይናቸው እንባ ሞላ። ነጠላውን ገለጡ። ጽዋውን አወጡ፣ ሥዕሉን አወጡ፣ ሦስቱን እስር ጧፍ አንድ በአንድ አወጡ። ከሥሩ የቆዳው ማኅደር ነበር።

ሳሙት።

«ጋሸና የሚመላለስ አንድ ሰውዬ ነው» አለ በእውቀቱ በመጨረሻ፣ ግድግዳውን ተደግፎ። «መጀመሪያ የጠየቀኝ የገጾቹን ፎቶ ብቻ ነው። የራውተሩን ቁልፍ በጥቅምቱ ድግስ ከሆዱ ሥር አንብቤው ስለ ነበር፣ ካሜራውን አግጄ ኅዳር አነሣሁለት፣ ታኅሣሥ ጨመርኩለት። ከዚያ መጽሐፉን ካላመጣህ አለ። ወሬው እስኪበርድ እዚህ ይቆይ ብዬ ነው። የማኅበር ቅርጫት ማን ይፈትሻል ብዬ…»

«በገዛ ትከሻዬ» አሉ መርጌታ። «እየዘመርኩ መጽሐፌን ለሌባው አደረስኩት።» ከዚያ ወደ ተማሪያቸው ዞሩ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከሰረቅህ ወዲያ ጨርቁን ለምን አጠፍከው?»

በእውቀቱ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ የኔታ።»

አረጋ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው መርጌታ ማኅደሩን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ቀሩ። መጽሐፋቸውን ቢያገኙም ሲያለቅሱ የነበሩት ለልጁ ነው።

*

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሂሻም ፍርድ ቤት ሊቀርብ በነበረበት በሦስት ሰዓት፣ ይማርሽ ራሷ መርጌታ ቤት ይዛው ሄደች። በከተማው መሃል ጎን ለጎን ተራመዱ፤ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ሆን ብላ ረጅሙን መንገድ መረጠች። ማኅሌት በሩ ላይ ተቀበለችው። «አባቴ አንተ አይደለህም ሲል እኔ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ» አለችው። «አብሽሪ» አላት።

ይማርሽ የመለሰችው ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ማኅሌት ይህን ጊዜ አጎንብሳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ይኼኛው ነጋዴ ነው» ብላ ዘጋችው።

ሂሻም የራውተሩን ጓዳ ከፈተና አዲሱ የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። ላፕቶፑን ወደ መርጌታ ገፋ አደረገና ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እርስዎ ይጻፉት» አለ። «እኔ አላይም። ከእንግዲህ የማንንም ቤት ቁልፍ ባላውቅ ይሻለኛል።»

መርጌታ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊደሉን በአንድ ጣት እየፈለጉ፣ አሥር ጊዜ እየተሳሳቱ ጻፉ። ይማርሽ ወደ ውጭ አየች፤ የሂሻምን ጀርባ ማየት ከበዳት። የታሰረበት ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ አላየችውም።

«ጨረስሁ» አሉ መርጌታ። «ና ዙር።»

«ይዝጉት መጀመሪያ።»

«ና ዙር አልኩህ! የጻፍኩትን ላንብብልህ፣ አንተም በቃልህ ያዘው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ አንተ ካላወቅኸው ሲጠፋኝ ማን ይነግረኛል?»

ሂሻም ቀስ ብሎ ዞረ።